ከአሥራ አምስት በታች

ጭሱ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ጫካው የሚነደው ከተራሮቹ ወዲያ፣ በመኪና ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው፤ ጭሱ ግን ቤቱን እንደለመደ እንግዳ በየማለዳው እየመጣ ደጃፋችን ላይ ዘርፈጥ ይላል። ፀሐይ የበሰለ ብርቱካን መስላ ትወጣለች፤ ቀትር ላይ እንኳ ትክ ብለው ቢያዩዋት ዓይን አትወጋም። የመንገዱ መብራቶች የመሸ መስሏቸው በቀን ይበራሉ። ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ከገመድ ሲነሣ ተመልሶ ይታጠባል።

እኔ የማራገቢያና የውኃ ፓምፕ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሰዎች የጣሏቸውን ሞተሮች እያነሣሁ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩ ነው የለመድኩት። ሞተር ሲታመም ይናገራል። ኩሽኔታው ሲያልቅ ያጉረመርማል፣ ዘይት ሲጠማው ያለቅሳል፣ ሽቦው ሊቃጠል ሲል ደግሞ እንደ ንብ ይሆናል። ታግሦ ለሚሰማው የማይናገር ነገር የለም ብዬ አምናለሁ፤ ፈጣሪም የእኛን ነገር የሚሰማው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ይመስለኛል። የሰፈሩ ሰው "ጆሮው" ይለኛል። በዚያ ሰሞንማ ደረጃውን የሚወጣው ማን እንደሆነ ከሳሉ መለየት ጀምሬ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ፖስተኛዋ እንደ ቡችላ ቶሎ ቶሎ።

ሱቄ ምድር ቤት ነው፤ መኖሪያችን ከላይ። ሰው ሁሉ ያረጀ ማራገቢያውን ከአልጋ ሥር እየጎተተ ያመጣልኛል፣ እኔም ከኋላው የአየር ማጣሪያ ለጥፌ፣ ዙሪያውን በካርቶንና በፕላስተር አሽጌ እመልስለታለሁ። እጄ እዚያ ይሠራል፤ ልቤ ግን ከላይ ካለው አንድ ክፍል አይወርድም ነበር።

የእህቴ ልጅ ከሰባት ሳምንት በፊት ወልዳለች። ልጅቱ ሁለት ወር ቀድማ ነው የመጣችው፤ ስትወለድ ከመዳፌ እስከ ክርኔ አትሞላም ነበር። ሆስፒታል በማሞቂያ ቆይታ፣ መጥባት ለምዳ፣ ኪሎዋ ደርሶ፣ "ወደ ቤቷ ትሂድ" ሊባል ነው ስንል ጭሱ መጣ። ሐኪሞቹም ሳንባዋ ገና ጥሬ ነው፣ እዚህ ጭስ ውስጥ አንለቃትም አሉ። የምትመጣው አንድ ንጹሕ አየር ያለው ክፍል ካላት ብቻ ነው። ነርስ መጥታ አየሩ ውስጥ ያለውን ጭስ በመለኪያ ትለካለች፤ ቁጥሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ከአሥራ አምስት በታች ከቆየ ልጅቱ በዚያው ቀን ትመጣለች። ካልቆየ ዓርብ ጠዋት ከሌሎች ጨቅላዎች ጋር ጭስ ወደሌለበት ሩቅ ከተማ ትዛወራለች፤ እናቷም አብራ ትሄዳለች። እስከ መቼ ቢሉ ጭሱ እስኪለቅ። እሱን ደግሞ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው።

አባትየው የቦቴ ሾፌር ነው፤ እሳቱ ድረስ ውኃ ያመላልሳል። ልጁን ካያት አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል። በቀን አንድ ጊዜ ይደውልና "ክፍሉ እንዴት ነው?" ይላል፤ ሳንመልስለት መስመሩ ይቋረጣል።

ነርሷ የምትመጣው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችን ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመናል። አንዷ ታላቅ እህቴ ናት፣ እትዬ የምላት፣ የልጅቱ አያት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ "ሬድዮ" ይላታል፣ ማጥፊያ ስለሌላት። ክፍሉም የእሷ የስፌት ክፍል ነበር፤ መኪናዋን ወደ ኮሪደሩ አውጥታ፣ ጨርቋን ሁሉ ጠቅልላ ለቃዋለች። እዚያ የቀረው አንድ ትልቅ ቁምሳጥን ብቻ ነው። እሱ የገባው በሩ ሳይገጠም በፊት ስለሆነ ይውጣ ቢባል ግድግዳ መፍረስ አለበት።

ሌላው የልጅቱ የአባት አባት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ከሰኞ ጀምሮ ሊያግዙን መጥተው ሱቄ ውስጥ ነው የሚያድሩት። መለኪያውን ከሆስፒታሉ ተውሰን በርጩማ ላይ አስቀምጠነዋል፤ የበሩ ላይኛው ግማሽ መስታወት ስለሆነ ቁጥሩ ከውጭ ይነበባል። እሳቸውም ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ በየአሥር ደቂቃው በቀይ እስክሪብቶ ውጤት ይሞላሉ።

"ሁለት ሰዓት፣ ሰባ አንድ። ወድቋል።" ጻፉ። "ሁለት ከአሥር፣ ስድሳ ስምንት። ወድቋል፤ ጥረቱ ግን ይታያል።"

"ዝቅ ያለው እኮ ነው የሚያልፈው፣ ዳይሬክተር፤" አለች እትዬ።

"እሱ ነው ግራ ያጋባኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ውጤት ሲወርድ 'ወላጅ አምጣ' ስል ኖሬ፣ ዛሬ ሲወርድ ላጨበጭብ ነው።"

ለክፍሉ የሠራሁት ማራገቢያ ቀላል አይደለም። ሞተሩ ከተዘጋ ዳቦ ቤት የወጣ ነው፣ በአራት ጎኑ አራት ማጣሪያ አለበስኩት፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ይዞራል። መስኮቱን ዙሪያውን አሽጌአለሁ። የሶኬቶቹን ቀዳዳ ሳይቀር ደፍኛለሁ። ቁጥሩ ግን ከስልሳዎቹ ንቅንቅ አልል አለ። ይህ ማለት ክፍሉ የሆነ ቦታ ላይ ይተነፍሳል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን የማገኝበት የራሴ ዘዴ አለኝ። ትልቁን ማራገቢያ አጠፋና፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ክፍተቱን በካርቶን ደፍኜ፣ ድምፅ የሌለው ማራገቢያ አየሩን ከክፍሉ ወደ ውጭ እንዲስብ እተክላለሁ። ያን ጊዜ የውጭ አየር በየስንጥቁ ሊገባ ይሽቀዳደማል፤ ሲገባም ያፏጫል። ጆሮን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ በፉጨቱ መሄድ ነው። የሚያስፈልገው ፍጹም ጸጥታ ብቻ ነው። ችግሩም እሱ ነበር።

"ይሄ መስኮት እኮ፣" አለች እትዬ፣ ካርቶኑን እያቀበለችኝ፣ "የተሠራው እኔ የመጀመሪያዬን ባረገዝኩ ዓመት ነው። አናጢው በአንድ ዓይኑ አያይም ነበር፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተንጋደደው። ከዚያ ደግሞ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለአንቴና ብሎ ያን ግድግዳ ሲበሳው ጎረቤት ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብሎ በፒጃማ ወጣ። የፖስተኛዋ አባትና ኩሩው ጎረቤታችን ስድስት ዓመት ተኮራርፈው የታረቁት ያን ቀን ነው፤ በፒጃማ ደግሞ ማን ይኮራል? ታዲያ እኔ ምን አልኩ..."

"እትዬ።"

"ወይ።"

"እባክሽ። ለአምስት ደቂቃ ዝም ካላልሽ ምንም አልሰማም።"

"እኔ ምን ተናገርኩ?"

"ጸጥታ!" አሉ ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው። የኮሪደሩ በሮች ሁሉ የተዘጉ መሰለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ወዲያውም ሰማሁት፤ ቀጭን፣ ረጅም ፉጨት። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። በመስኮቱ በኩል ነው። ሄጄ የድሮውን ፕላስተር ልጬ አዲስ ለጠፍኩ። እንደገና ሳዳምጥ ፉጨቱ ወደ ቀኙ ጥግ ዞሯል። ጥጉን ከወለል እስከ ኮርኒስ አሸግኩ። አሁን ደግሞ ከበሩ አጠገብ ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ያን ፉጨት እያሳደድኩ ሦስት ጥቅል ፕላስተር ጨረስኩ። ክፍሉ በፋሻ የተጠቀለለ በሽተኛ መሰለ።

"ዳይሬክተር፣ ቀዳዳ ይንቀሳቀሳል እንዴ?" አልኳቸው በመጨረሻ።

"በፊዚክስ? አይንቀሳቀስም።" አሉና የምለጥፍበትን ቦታ ለማየት አጠገቤ ጎንበስ አሉ። ፉጨቱ ጆሮዬ ሥር መጣ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ጋ ስሄድ መስኮቱ ጋ፣ ጥጉ ጋ ስሄድ ጥጉ ጋ ፕላስተር እየቆረጡ የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው።

"እስኪ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ።"

ያዙ። ፉጨቱ ጠፋ።

"ይልቀቁ።"

ፊ... አለ።

እትዬ መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "አፍንጫዎት ነው! ዳይሬክተር፣ እግዜር ያሳይዎት፣ ሦስት ጥቅል ፕላስተር የፈጀው አፍንጫዎት ነው!"

"ኳስ ሳጫውት ነው የተሰበረው፤" አሉ ክብራቸውን ሳይለቁ። "የስምንተኛ ክፍል ዋንጫ ነበር። ተማሪዎቼ 'ዳይሬክተሩ ፊሽካ አያስፈልጋቸውም' ይሉ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም።"

እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን ሰዓቱን እያሰበ ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ዳይሬክተሩን ወደ ሱቁ እንዲወርዱልኝ በትሕትና ለመንኳቸው።

"ከክፍል ስባረር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤" አሉና ቀይ እስክሪብቷቸውን ለእትዬ አስረክበው ወረዱ።

ምሳ የቀመሰ የለም። እትዬ ዝም ለማለት እንደማትችል እሷም አወቀችው። "አልፈልግም አላልኩም፣ አልችልም ነው ያልኩት፤" አለች። "ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። በቃ ውኃ ስጠኝ።" ብርጭቆውን ሙሉ አፏ ውስጥ ገለበጠችና ጉንጮቿን ነፍታ፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

አሁን ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ጸጥታ ሆነ። በልቤ አንዲት አጭር ነገር ለመንኩ፤ አሰማኝ አልኩ። አዳመጥኩ። ከታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና ቀስ ብሎ አለፈ። ከዚያ ከሥር፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ በጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፍሱ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከግራው ግድግዳ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሄድኩ፤ ቁምሳጥኑ ጋ ስደርስ ድምፁ ይደበዝዛል። ወደ ላይ ነው ስል ወደ ታች ይሆናል፤ እንጨቱ ድምፁን እየበተነ ያታልለኛል።

እትዬ እጅጌዬን ጎተተች። ዝም በይ ብዬ ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። እንደገና ጎተተችኝ። እንደገና ምልክት ሰጠሁ። ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ። ዞር ስል ፊቷ ቲማቲም መስሏል። በአንድ እጇ ቁምሳጥኑን ታሳያለች፣ ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጣቶቿን ታንቀጠቅጣለች።

"ወፍ?" አልኩ በሹክሹክታ።

አይደለም ስትል ራሷን ወዘወዘች። ክንዶቿን ይበልጥ ዘረጋች፤ በወገቧም ዞረች።

"ጸሎት? እትዬ፣ በኋላ አብረን እንጸልያለን፣ አሁን ግን..."

ውኃው ወጣ። ከመነጽሬ እስከ ቀበቶዬ ድረስ አንድም አልቀረ።

"አንቴና!" ጮኸች። "አንቴና ነው! የአንቴናው ቀዳዳ፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ! ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩህ!"

ቆምኩ። ውኃው ከአገጬ ይንጠባጠባል። እውነቷን ነው፣ ነግራኛለች። ከአናጢው ዓይን በኋላ፣ ከጎረቤቶቹ ዕርቅ በፊት፣ ጥርት አድርጋ ነግራኛለች። የሞተር ጥማት ይሰማኛል የምል ሰውዬ ቀዳዳው ያለበትን የምታውቀውን አንዲት ሰው ዝም በይ ብዬ፣ አፏን በውኃ አስሞልቼ፣ የሌላ ሰው አፍንጫ ሳሳድድ ዋልኩ።

"ይቅርታ፣ እትዬ።"

"ይቅርታህን ኪስህ ክተትና ካቻቢቴህን አውጣ!"

ቁምሳጥኑ አይገፋም፣ ስለዚህ በውስጡ መግባት ነበረብኝ። እትዬ የባሏን ኮትና የሠርግ ልብሷን አቅፋ አወጣች፤ እኔ ታጥፌ ገባሁና የጀርባውን ሳንቃ ብሎን በብሎን ፈታሁት። ሳንቃው ሲነሣ ታየኝ፤ ሁለት አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ያረጀ የአንቴና ገመድ ተንጠልጥሎበት፣ ጭሱ በገመዱ ላይ እንደ ክር እየተጠቀለለ ይገባል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቅሁት፣ በላዩ ሲሊኮን ሞላሁበት፣ ሳንቃውን መልሼ ገጠምኩ። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ጉልበቴ ከደረቴ ተጣብቆ፣ ለአፍታ አልቸኮልኩም። ለምኜ ነበር፤ መልሱ በማን አፍ ተልኮልኝ እንደነበር ገብቶኛል። ተመስገን አልኩና ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። ማራገቢያውን መልሼ አስነሣሁና በሩን ዘጋን። ዳይሬክተሩ ከስደት ተመለሱ።

"ስምንት ከአሥር፣ ሃምሳ ሁለት። ስምንት ከሃያ፣ አርባ አራት። እየወረደ ነው! ስምንት ተኩል፣ ሠላሳ አምስት። ይህ ልጅ ቤቱ ሄዶ አጥንቷል!"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ የማላውቀው ሳል ሰማሁ። ነርሷ ወጣት ናት፤ ፊቷ በማስክ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ይታያል፣ እሱም ቀልቷል። ቦርሳዋን አስቀምጣ በመስታወቱ አየች። አሥራ ዘጠኝ።

"ጋሼ፣" አለችኝ፣ ድምፅዋ እንኳ ደክሟል፣ "ከአሥራ አምስት በታች ነው የሚለው። አንድ ሰዓት ሙሉ።"

"እየወረደ ነው፣ ሲስተር። ቀዳዳውን ያገኘነው አሁን ነው።"

"አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ግን ገና ሁለት ቤት አለብኝ። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ልጠብቅ፤ ከዚያ 'ትዛወር' ብዬ መጻፍ አለብኝ።"

አሥር ደቂቃና አንድ ሰዓት ምን አገናኘው? ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን ከፈቱ፣ ዘጉ። እኔ የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጥኩ፤ ጤነኛ ነው፣ ከዚህ በላይ ግን አይፈጥንም።

እትዬ ግን የነርሷን ፊት አላየችም። እግሯን ነበር የምታየው።

"ልጄ፣" አለች፣ "ይሄን ነገር እንዲህ እየጎተትሽ ነው ደረጃ የምትወጪው?"

የነርሷ ጋዋን ጫፍ ተተርትሮ ወለሉ ላይ ይጎተታል።

"አዎ፣ ጠዋት መኪና በር ያዘው..."

"ወድቀሽ ጥርስሽ ቢረግፍ ማን ሊያክምሽ ነው? አውልቂው።"

"ኧረ እማማ፣ ጊዜ የለኝም።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ሴት ነኝ፤ ይሄ ለእኔ ምኔ ነው? አውልቂው አልኩሽ። የእኔን ቀሚስ ልበሺ።"

እትዬን እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ነርሷ ሦስት ሰው የሚይዝ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ማስኳን አውርዳ ሻይ ያዘች። እትዬም መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

የእህቴን የስፌት መኪና ድምፅ ከራሴ ትንፋሽ ይልቅ አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ ስትሆን ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ነው። ያን ቀን ግን ጧ... አለ። ቆየ። ጧ... አለ። አንገቴን ቀና አላደረግሁም፣ ፊቴ እንዳያሳብቅባት።

"ዘጠኝ ከአሥር፣ አሥራ ስድስት፤" አሉ ዳይሬክተሩ። "ዘጠኝ ከሩብ፣ አሥራ አምስት! ሲስተር፣ ራሱ አሥራ አምስት አይገባም?"

"ከበታች ነው፣ አባባ።"

"ጎበዝ ፈታኝ ነሽ፤" አሉ ቅር እያላቸው። "ዘጠኝ ከሃያ... አሥራ አራት! አሥራ አራት! ሰዓት ያዙ!"

ነርሷ የእጅ ሰዓቷን አየች። ከአሁን ጀምሮ አንድ ሰዓት። "ጋዋኔ ደረሰ፣ እማማ?"

"ደርሷል፣ ደርሷል። ቁልፉ ግን ላላ ብሏል፣ ይሄን ይዤው ልስጥሽ። የት ነው ያደግሽው?" ከዚያ በኋላ ሬድዮው ተከፈተ። የአንድ ዓይናው አናጢ ታሪክ ተነገረ፣ በፒጃማ የታረቁት ጎረቤታሞች ተነገሩ፣ የዛሬው አፍንጫም ተነገረ፤ ዳይሬክተሩ ማስረጃ ይሁን ብለው በአፍንጫቸው ነፍተው አሰሙ። ነርሷ ሻይዋን ልትተፋ ደረሰች። እትዬ ቁልፉን ጨርሳ የኪሱን ስፌት አጠበቀች። ከዚያ የክሩ ቀለም አልገጠመም ብላ የሰፋችውን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ፈታችው።

ነርሷ መኻል ላይ ስልኳን አውጥታ ለሁለቱ ቤቶች ደወለች፤ ትንሽ እዘገያለሁ አለቻቸው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቦርሳዋ ላይ ዘረጋች።

"አሥር ሰዓት፣ አሥራ አንድ። አሥር ከአሥር፣ አሥር።" ዳይሬክተሩ አሁን የሚጽፉት በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። "አሥር ከሃያ..." መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። "ዘጠኝ። እመቤት፣ እርስዎ ያንብቡት።"

"ዘጠኝ!" አለች እትዬ ከመኪናዋ ላይ ብድግ ብላ፤ ጋዋኑም ከእጇ ወደቀ። ጫፉ ተሰፍቷል፤ ለካ ተሰፍቶ ያለቀው ከቆየ ነው።

ነርሷ ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ጋዋኗን ስትለብስ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችና ፈገግ አለች። "የእኔም እናት ልብስ ሰፊ ናት፣ እማማ። አንድ ጫፍ ለመጥለፍ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃ ጠፍቶኝ አይደለም።"

እትዬ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳመቻት።

ነርሷ ከወረደች በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። አምቡላንሱ በራችን ላይ ቆመ፤ የእህቴ ልጅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ታቅፋ በሦስት እርምጃ ከመኪና ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ክፍሉ ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋሁ። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። እትዬ ያን ሁሉ ሳምንት ለዚህች ሰዓት ምን እንደምትል ስታዘጋጅ ነበር፤ አሁን ግን ጎንበስ ብላ የልጅቱን እግር፣ አውራ ጣቴን የሚያህለውን፣ በከንፈሯ ነካችው።

ሕጉን ያወጡት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ከእናቷ ሌላ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጫማ ተፈትቶ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። መጀመሪያ አያት፣ ቀጥሎ አጎት፣ ቀጥሎ እሳቸው። እኔ ወጥቼ እሳቸው ጫማቸውን ሊፈቱ ጎንበስ ሲሉ ከታች ከባድ ሞተር ሰማሁ። ናፍጣ የሚረጨው መርፌው የላላ ሞተር ነው፤ አወቅሁት።

"ቦቴው!" አልኩ።

የልጅቱ አባት ነው፤ አንድ ሌሊት ፈቃድ ሰጥተውት፣ ውኃ ሊቀዳ በሚመጣበት ቦቴ በቀጥታ ወደ ቤት ነድቶ ነው የመጣው። ከጸጉሩ እስከ ጫማው ጥቁር ነው፤ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ነጭ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወጣ አባቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ቁም!"

"አባዬ፣ ልጄን ልያት።"

"ዘጠኝ ነው ያለው። ዘጠኝ! አንተ ብቻህን መቶ ሃምሳ ታደርገዋለህ።"

"አጎቴ፣ ንገሩልኝ እንጂ!"

"እኔ ምን ልበል፣ ልጄ፣" አልኩት፣ "አፍንጫዬ ድረስ ሸተትከኝ።"

ስለዚህ ግቢ ወረድን። ቦቴው ሆድ ውስጥ የቀረ ውኃ ነበር፤ ዳይሬክተሩ የውኃውን ጎማ ያዙ፣ እኔ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ እሱ በውስጥ ሱሪ ቆመ። አሥራ ስምንት ቀን በእሳት ላይ ሲያፈስ የከረመው ውኃ አሁን በራሱ ላይ ወረደበት፤ ይጮኻል፣ ይስቃል። "ከጆሮህ ኋላም!" ይላሉ አባቱ። መጀመሪያ ጥቁር ውኃ ወረደ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ሦስተኛ ሳሙና ላይ ነጭ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "ምን ሆነ?" ሲል እትዬ ከላይ "ልጃችን መጣች!" አለችው፤ ከዚያ ከመስኮት መስኮት ወሬው ሲያልፍ፣ ሳል በሳል ላይ፣ እልልታ በሳል ላይ ሰማሁ።

የእኔን ፒጃማ አለበስነው፤ ሱሪው ጉልበቱ ሥር ቀረ። ክፍሉ ገባ። በመስታወቱ እናያለን፤ እኔ፣ እትዬና ዳይሬክተሩ፣ ጭንቅላት በጭንቅላት ላይ። ሚስቱ ልጅቱን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅቱን አንድ ነገር አላት፤ መስታወቱ ስለያዘው አልሰማሁም፣ ለመስማትም አልሞከርኩም። ትንሽ ቆይቶ በእንቅልፍ ራሱ ሲወዛወዝ ሚስቱ አየች፤ ልጅቱን ቶሎ ተቀብላው አልጋዋ ላይ አስተኛቻት። እሱ በተቀመጠበት በጎኑ ተንሸራተተና በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ተኛ።

"አሥር ደቂቃው አልቋል፤" አሉ ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን እያዩ። "አሁን የእኔ ተራ ነው። የተኛ ተማሪ ከክፍል ይወጣል።"

የእህቴ ልጅ በሩን በጣት ስፋት ከፈተች። "አባባ፣ አይቀስቅሱት በእግዚአብሔር። ተሻግረው ይግቡ።"

ዳይሬክተሩ ልጃቸውን አዩት፤ አፉን ከፍቶ፣ በአጭር ፒጃማ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ካልሲያቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ጅረት እንደሚሻገር ሰው እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ከዚያ የእኔን ትከሻ ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አድርገው፣ ልጃቸውን ተሻግረው ወደ ልጅ ልጃቸው ገቡ።